ለጸሎት ብዬ የነገርኩሽ

ልብስ ሰፊዋ ከችሎቱ በር አጠገብ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አንተው ፍረድልኝ» እያለች ስትለምን፣ ያንኑ ቃል ከኮሪደሩ ማዶ ሌላ ሰው ሲለው ሰማች። ድምፁን ታውቀዋለች። ዓይኗን ገለጥ ብታደርግ ወንድምጋሼ ነው፤ ከሳሿ። የቤቱ በኩር፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ ሰፊ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ጥሎ፣ ሁለት እጁን ቦርጩ ላይ አነባብሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱም መጸለይ የተማሩት ከአንድ እናት፣ ከአንድ አልጋ ጠርዝ ሥር ተንበርክከው ነውና ቃሉም አንድ፣ ዜማውም አንድ ነው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሳቋን መልሳ ዋጠችው። አንድ እናት ያስተማረቻቸው ሁለት ሰዎች፣ በስድስት ክንድ ርቀት ላይ ሆነው፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዲፈርድለት አንዱን አምላክ ይለምኑታል። የማንን ይስማ?

ኮሪደሩን የሞላው ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር። እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ የተቀባው ግድግዳ የሰው ጀርባ ሲታከከው ኖሮ ወዝቷል። ፋይሉን በፌስታል ያንጠለጠለ፣ ፋይሉን ብብቱ ሥር የወሸቀ፣ ፋይሉን እንደ ሕፃን የታቀፈ፤ ሁሉም በየሆዱ ያነበንባል። የማይጸልዩት ጠበቆቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ስልካቸውን ያያሉ። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ከውጭው በእጥፍ ዋጋ ፎቶ ኮፒ የሚያስደርጉ ሰዎች ተሰልፈው ያጉረመርማሉ፤ የኮፒዋ ባለቤት ደግሞ «ውጭ ርካሽ ነው፣ ማን ያዛችሁ? ስትመለሱ ስማችሁ ተጠርቶ አልፎ ታገኙታላችሁ» እያለች አፋቸውን ታስይዛቸዋለች።

ከልብስ ሰፊዋ ጎን ታናሽ እህቷ ተቀምጣለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ የሁለት ልጆች እናትና የፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ሆና እንኳ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚጠራት «ሚጡ» እያለ ነው። ክሱ ከመጣ ጀምሮ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ሚጡ በየረቡዑ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እህቷ ትመጣ ነበር። የስፌቱን ክፍል በር ይዘጋሉ፤ ቁርጥራጩን ጨርቅ ከወለሉ ሰብስበው ወደ ጥግ ይገፉታል፤ ከዚያም በስፌት መኪናውና በመቁረጫው ጠረጴዛ መሐል ባለችው ቦታ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይንበረከካሉ። ልብስ ሰፊዋ የምትጸልየው ጮክ ብላ ነው። ጸሎት ለእሷ ከወዳጅ ጋር እንደ ማውራት ነውና የምታስቀረው የለም። የጉልበቷን ሕመም፣ የወሰደችውን ቀሚስ ሒሳብ ያላመጣችውን ደንበኛ፣ የጠበቃዋን ልጅነት፣ ሁሉንም ትዘረግፈዋለች። ሚጡ ዝም ብላ ትሰማና በየመሐሉ «አሜን፣ አሜን» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ለጎረቤት «ጠበቃዬ ሌላ፣ የልቤ ጠበቃ ሌላ፤ እሷ ሚጡ ናት» ስትል ሰንብታለች።

«እታለም፣ ዳቦ ይዤልሻለሁ፤ ቅመሺ» አለች ሚጡ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ብቅ አድርጋ።

«ጾም ነኝ አላልኩሽም?»

«ዳኛዋ ፊት ብትወድቂስ?»

«የያዘኝ አይጥለኝም። ይልቅ እስቲ ዛሬ አንቺ ጸልዪልኝ።»

ሚጡ ግራ ቀኙን አየች። ወንድማቸውንም አየችው፤ እሱ ዓይኑን አልገለጠም። ከዚያ አንገቷን ደፍታ «ጌታ ሆይ፣ የሁላችንንም ልብ የምታውቅ አንተ ነህ፤ ፈቃድህ ይሁን፣ አሜን» አለች።

«በቃ?»

«ሰው ይሰማል እታለም» አለች ሚጡ፤ ዳቦውንም መልሳ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

ክርክሩ በቤት ነበር። አባታቸው ሦስት ክፍልና ጠበብ ያለ ግቢ ጥሎ ነው ያለፈው፤ የስፌቱ ክፍልም ከሦስቱ አንዱ ነው። ልብስ ሰፊዋ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ሰውዬ አንሥታ ጥላዋለች። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው ጢሙን የላጨችው፣ ያጠበችው፣ በማንኪያ ያጎረሰችው እሷ ናት፤ አንድ እጮኛም በዚሁ መሐል መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አግብቷል። አባትየው ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አልጋው ጎን ተቀምጦ ኑዛዜ ጻፈለት። ቤቱ ለእሷ እንዲሆን፤ አውራ ጣቱንም አተመበት። መምህሩና ሁለት የዕድር ሰዎች ምስክር ሆኑ። አራተኛው ምስክር መንደሩ ከሚሠራበት ሙጫ ተነሥቶ «ጋሽ ማስቲሽ» እያለ የሚጠራው ጫማ ሰፊ ነው። የዕድሩ ሰዎች ቀድመው፣ መምህሩም አምና ስላረፈ አሁን በሕይወት ያለው ምስክር ጋሽ ማስቲሽ ብቻ ነበር። እሱም ኮቱን ለብሶ፣ የገዛ ጫማውን መስታወት አስመስሎ ቦርሾ፣ ሚስቱን አስከትሎ መጥቷል። ልብስ ሰፊዋን ሲያያት «አይዞሽ ልጄ» አላት።

አንድ ነገር ግን ለጠበቃዋም ያልነገረችው ነበር። ሕጉ አራቱም ምስክሮች ኑዛዜው ሲነበብና ሲፈረም እዚያው መገኘት አለባቸው ይላል። ጋሽ ማስቲሽ ያን ዕለት አልነበረም። ይህን ለሰው አልተናገረችም፤ ለፈጣሪዋ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት በነበረው ረቡዕ ተንበርክካ ተናግራለች። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ሚስቱን ዓይን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ ነበር። አባባ ደግሞ ትንፋሹ እየሄደ ነበር፤ መጠበቅ አልተቻለም። በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ሱቁ ድረስ ሄድኩ፤ የሴት ጫማ ጭኑ ላይ እንዳለ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ፈረመልኝ። አባባ እኔን እንዳለ ታውቃለህ፤ ውሸቱ ይቺ ብቻ ናት። ይቺን ጥያቄ ማንም አይጠይቅብኝ። የጠያቂውን አፍ ዝጋልኝ።» ሚጡ ከጎኗ «አሜን» ብላ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠሩ።

የችሎቱ ክፍል ከኮሪደሩ ያነሰ ነበር። ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መዝገቡን ታገላብጣለች፤ ከጎኗ ያለው ጸሐፊ የኮምፒዩተሩ ቁልፍ ሲጣበቅበት በጥፍሩ ይቆረቁረዋል። ልብስ ሰፊዋ ከወጣቱ ጠበቃዋ ኋላ ተቀመጠች፤ ሚጡ ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ። ጋሽ ማስቲሽ መጽሐፉ ላይ እጁን አድርጎ ማለ። ጣቶቹ ከማስቲሹ ብዛት ጥቁር ሆነው ስለቀሩ መጽሐፉን የሚያቆሽሽ መስሎት፣ እጁን አንሳፎ ነበር የያዘው። ወጣቱ ጠበቃ ኑዛዜው ሲፈረም እዚያ እንደነበረ ጠየቀው። «ነበርኩ» አለ። ድምፁ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነበር፤ ግን ተሰማ።

የወንድምጋሼ ጠበቃ ተነሣ። ቀጠን ያለ፣ ትሁት ሰው ነው። አንድ ወረቀት ለዳኛዋ አቀረበና ወደ ጫማ ሰፊው ዞረ። «አባቴ፣ በዚያች ዕለት ባለቤትዎ የዓይን ቀዶ ሕክምና አላደረጉም? ይሄ የሐኪም ቤቱ ማስረጃ ላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ አይደለም?» ጋሽ ማስቲሽ ወረቀቱን አየው። ጠበቃው መልሱን አልጠበቀም፤ ድምፁን ይበልጥ አለስልሶ ቀጠለ። «ኑዛዜውን የፈረሙት በማግስቱ፣ ሱቅዎ ውስጥ፣ የሴት ጫማ ጭንዎ ላይ እንዳለ፣ እጅዎን በሱሪዎ ጠርገው አይደለም?»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። የሐኪም ቤቱን ወረቀት ሰው ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። የሴት ጫማ ግን? ሱሪ ላይ የተጠረገ እጅ? ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ጋሽ ማስቲሽና እሷ ናቸው። ጋሽ ማስቲሽ እንዳልተናገረ ፊቱ ይመሰክራል፤ ከንፈሩ ደርቆ፣ እንደ ተሰረቀ ሰው ዙሪያውን ያያል። እሷ ደግሞ ለአንድ ፈጣሪዋ ብቻ ነው የተናገረችው። ፈጣሪ ወደዚህ ሰውዬ ቢሮ አይሄድም። ቃሉ የራሷ ነው፤ ጸሎቷ ነው፤ ቁርጥ አድርጎ፣ ሳያዛንፍ፣ የሰው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሰማችው። አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረች። ሚጡ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቀና አላለችም።

«አዎ» አለ ጋሽ ማስቲሽ። «በማግስቱ ነው። ሰውዬው ቤቱ ለዚች ልጅ እንዲሆን ይመኝ ነበር፤ ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ግን አልነበርኩም።»

ዳኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ታዲያ አሁን፣ መሐላዎ ሳይደርቅ፣ ነበርኩ ያሉን? እንዲህ ይበሉ ያለዎት ማን ነው?»

ሽማግሌው ልብስ ሰፊዋን አንድ ጊዜ አያት። ከዚያ ወለሉን እያየ «ማንም» አለ።

ዳኛዋ ለጸሐፊው ረጅም ነገር አስጻፈች። የሐሰት ምስክርነቱ ጉዳይ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት እንዲታይ፣ ምስክሩም እስከዚያው ከግቢው እንዳይወጣ። ፖሊሱ የጋሽ ማስቲሽን ክንድ ሲይዝ አልገፋውም፤ እንዲያውም ደረጃውን እንዲወርድ ደገፈው። ይሄ ነው ልብስ ሰፊዋን ይበልጥ ያሳመማት። ዞር ስትል የሚጡ ወንበር ባዶ ነበር።

ፋርማሲው ከፍርድ ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ ማን እንደገጨችው፣ ማን «ዓይን የለሽም?» እንዳላት አታውቅም። ውስጥ ገብታ ወረፋ ያዘች፤ ለምን ወረፋ እንደያዘች ራሷም አልገባትም። ከፊቷ ሳል ያዘኝ የሚል ሰውዬ፣ ከእሱ ፊት ደግሞ የመድኃኒቱ ዋጋ ባለፈው ወር እንዲህ አልነበረም እያለች የምትሟገት ሴት ነበሩ። ሚጡ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጣለች። «አልጨመርንም እናቴ፣ እኛም በዚህ ነው የመጣልን» እያለች በዚያ በለመደችው ለስላሳ ድምፅ ታስረዳለች። ሰው የሚያምናት በዚህ ድምፅ ነው። ወረፋዋ ደረሰና ሁለቱ እህትማማቾች መስታወቱን መሐላቸው አድርገው ተያዩ።

«ለማን ነው የነገርሽው?» አለች ልብስ ሰፊዋ በመስታወቱ ቀዳዳ።

ሚጡ ከኋላ ያለውን ሰልፍ አየች፤ ለሥራ ባልደረባዋ ምልክት ሰጥታ ተነሣች፤ እህቷንም በጎን በር ወደ ዕቃ ክፍል አስገባቻት። ክፍሉ እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሮበታል። አንዲት አምፖል አለች። የሚቀመጡበት ስላልነበረ ቆመው ቀሩ።

«ለማን ነው የነገርሽው ሚጡ?»

«ለወንድምጋሼ ሚስት ነው» አለች ሚጡ ቶሎ ብላ። «እንድትጸልይልን ብዬ ነው እታለም፣ አባባን! ለጸሎት ብዬ ነው የነገርኳት።»

«የከሳሼ ሚስት ለእኔ እንድትጸልይልኝ።»

ከውጭ የገንዘብ መሳቢያው ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ጠበቀች። ስፌት ያስተማራት ትዕግሥት ነው፤ ሰው ልኩን ሲዋሽ፣ ወገቤ ቀጭን ነው ሲል፣ ሜትሩን ይዛ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። በመጨረሻ ሚጡ ጀርባዋን ካርቶኖቹ ላይ አስደገፈችና ድምፅዋ ተለወጠ። ያ ለደንበኛ የምትጠቀምበት ልስላሴ ጠፋ።

«እሺ። አውቄ ነው። ኑዛዜው ላይ ስሜ አለ? አንድ መስመር? ‹ለታናሿ ልጄ ምርቃቴ ይድረሳት› የሚል እንኳ አለው? ሦስት ወር ሙሉ ‹ቤቱን ለእኔ አድርግልኝ› እያልሽ ስትለምኚ፣ እኔ አጠገብሽ ተንበርክኬ አሜን ስል፣ በገዛ ራሴ ላይ አሜን እያልኩ እንደሆነ አንድ ቀን ትዝ ብሎሻል? አንድ ቀን ‹አንቺስ ሚጡ› ብለሽኛል?»

«አስራ አንድ ዓመት ያነሣሁት የጣልኩት እኔ ነኝ። አንቺ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዘሽ ትመጪ ነበር።»

«አውቃለሁ። ብርቱካን ነው ያመጣሁት።» ሚጡ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «ብትጠይቂኝ ድርሻዬን በእጄ እሰጥሽ ነበር እታለም። ይገባሻላ! ግን እኔን አልጠየቅሽኝም። እግዚአብሔርን ብቻ ነው የጠየቅሽው።»

ነገሩ እውነት ስለሆነ ልብስ ሰፊዋን አንድ ቦታ ወጋት፤ እውነት መሆኑ ግን ቁስሉን አላሻረውም፣ አባሰው እንጂ። በር ዘግታ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ ልቧን እንደ ጓዳ ከፍታ ያሳየቻት ሰው፣ ከዚያው ጓዳ አንዱን ዕቃ መርጣ ይዛ ወጥታለች። ደግሞ ከዚያ ረቡዕ በኋላ ሁለት ረቡዕ መጥታለች። ከሰጠች በኋላ ነው መጥታ የተንበረከከችው። አሜንም ያለችው ከሰጠች በኋላ ነው።

«ቅር ብሎኛል ማለት ያቅታል?» አለች በመጨረሻ። «ደጄ ያውልሽ፤ ቁልፉም አለሽ። መጥተሽ ብትሰድቢኝ፣ ብትጮኺብኝ ምን ነበረበት? እሺ እኔስ እህትሽ ነኝ፤ ጋሽ ማስቲሽ ምን አደረገሽ?»

«ጋሽ ማስቲሽ?»

«ፖሊስ ይዞታል።»

ሚጡ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እውነትም አላሰበችውም ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ይህን ከፊቷ አነበበች። የልጅነት ጫማዎቿን ሁሉ የጠገነላት ሰው ነበር። «ያስሩታል እንዴ?» ልትል ስትጀምር በሩ ተንኳኳ፤ «ሚጡዬ፣ ሰው በዛብኝ እኮ» አለች ባልደረባዋ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ፣ በሰልፉ መሐል አልፋ ወጣች።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐዩ ሲሚንቶውን አግሎታል። ጋሽ ማስቲሽ ከፖሊሶቹ ክፍል ደጃፍ፣ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ያ ጠዋት የተቦረሸ ጫማው አቧራ ለብሷል። ሚስቱ ጎኑ ናት። ልብስ ሰፊዋን ስታያት አልተነሣችም፣ አልጮኸችም። «ምን አደረግንሽ?» ብቻ አለቻት። «ፈርምልኝ አልሽው፣ ፈረመ። መስክርልኝ አልሽው፣ መሰከረ። ምን አደረግንሽ?» ጋሽ ማስቲሽ «ተይ፣ ተያት አንቺ ደግሞ» አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ቃሉ ከጆሮዋ አልወጣም። ከሃያ ደቂቃ በፊት እሷ ራሷ በሌላ ሰው ላይ የተናገረችው ነበር፤ ምን አደረገሽ።

ወጣቱን ጠበቃዋን ደረጃው ላይ ቆሞ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከረ አገኘችው። ዳኛዋ ፊት ቀርባ ልትናገር እንደምትፈልግ ስትነግረው ብስኩቱ ብርጭቆው ውስጥ ወደቀበት። «እትዬ፣ ምን ሊሉ ነው? ዝም ካሉ እኮ አሁንም ልከራከር እችላለሁ። ሽማግሌ ነው፣ ቀኑ ተምታቶበታል እላለሁ። ከተናገሩ ቤቱን በእጅዎ አስረከቡ ማለት ነው። በዚያ ላይ ለራስዎም መዘዝ አለው!» እሷ «እኔ ካልተናገርኩ እሱ ‹ማንም› እንዳለ ይቀራል» አለችው። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ብስኩቱን በማንኪያ ሊያወጣ ሞከረ።

ስምንት ሰዓት እስኪሞላ ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ምን ትበል? ጠዋት የለመነችውን ልትደግመው አልቻለችም። ወንድሟ ላይ ፍረድ ልትል ነበር፤ እህቷ ከፊቷ ድቅን አለች። እህቷን ቅጣልኝ ልትል ከጀለች፤ ከልቧ ከጀለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የጫማ ሰፊው ሚስት መጣችባት። አስራ አንድ ዓመት አልጋ ሥር ስትለምን፣ ሦስት ወር በዚያች ጠባብ ቦታ ስትለምን፣ ቃል ጎድሎባት አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን «ጌታ ሆይ» ካለች በኋላ ያለው ባዶ ሆነ። ባዶውን እንዳለ ይዛ ቆየች። ስትጠራም እንዲሁ ይዛው ገባች።

ዳኛዋ ፊት የተናገረችው ረጅም አልነበረም። «ክብርት ዳኛ፣ ሽማግሌውን ነበርኩ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ‹ማንም› ያሉት ለእኔ ብለው ነው። ወረቀቱን ሱቃቸው ድረስ ይዤ ሄጄ ያስፈረምኩትም እኔ ነኝ። አባቴ ቤቱን ለእኔ ብሏል፤ ይሄ እውነት ነው። የዋሸሁት ስለ ቀኑ ነው።» ጸሐፊው ጽፎ ጨረሰ። ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ የተቆጣች አትመስልም፣ ደስ ያላትም አትመስልም፤ የደከማት ትመስል ነበር። ጋሽ ማስቲሽ ቃሉን እዚያው በቆመበት ያረመ በመሆኑ በተግሣጽ ተለቀቀ። ኑዛዜው ፈረሰ። ቤቱ ሦስት ልጆች እኩል የሚወርሱት ሆነ። እሷን በሚመለከት ደግሞ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፍ ታዘዘ፤ ስትጠራ ቀርባ ልትመልስ።

ጋሽ ማስቲሽ ሲወጣ ሚስቱን ክንዷን ይዞ ደረጃውን ወረደ። ልብስ ሰፊዋን ዞር ብሎ አየና ሊናገር ፈለገ፤ ሚስቱ ሳብ አደረገችው። ወንድምጋሼ ግን ቆሞ ጠበቃት። ያሸነፈ ሰው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ግራ የገባው ይመስል ነበር።

«አሁኑኑ ልቀቂ አልልሽም» አላት። «ገዢ እስኪገኝ ተረጋግተሽ ሥሪ። ያም ሆነ ይህ ጌታ ይመስገን፣ እውነቱ ወጣ።»

«ጠዋት ስትጸልይ ሰምቼሃለሁ» አለችው።

«እንዴታ! አንቺስ አልጸለይሽም?»

«ጸልያለሁ። ያንተን ግን ያደረሰልህ እግዚአብሔር አይደለም፤ ሚጡ ናት።»

የወንድምየው ደም ሥር ግንባሩ ላይ ተገተረ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። አድርሼሽ ልሂድ አላላትም፤ ቢላትም አትገባም ነበር።

አስር ሰዓት ገደማ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሚጡን አገኘቻት። ጋውኗን ክንዷ ላይ ጥላ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ኖሯል። «ጋሽ ማስቲሽስ?» አለች። «ተለቀቀ።» «ተመስገን!» አለች ሚጡ፤ ብላም ወዲያው አፈረች። አውቶቡሱ መጣ። ቤታቸው በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ ሌላ ምርጫ የለም፤ ሁለቱም ተሳፈሩ። ክፍት የነበረው አንድ የሁለት ሰው ወንበር ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰባት ፌርማታ አለፉ። ከፊታቸው ያሉ ሁለት ሴቶች ስለ ቤት ኪራይ ይነጋገራሉ፤ አንደኛዋ አከራይዋ ውኃ ቆልፎባት በጀሪካን እንደምታመላልስ ትናገራለች። አውቶቡሱ ሲታጠፍ የሚጡ ትከሻ የእህቷን ትከሻ ይነካዋል፤ ሚጡ ትሰበሰባለች፤ ሲታጠፍ ደግሞ ይነካዋል። ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ዞራ የሱቆቹን ስም አንድ በአንድ ታነባለች፤ ምንም ግን አልገባትም። በጆሮዋ የሚመላለሰው ያ የጠበቃው ለስላሳ ድምፅ ነው፤ የሴት ጫማ ጭንዎ ላይ እንዳለ።

የሚጡ ፌርማታ ደረሰ። ተነሣች፤ ግን አልወረደችም። የወንበሩን ብረት ይዛ ቆመች። «አንድ ፌርማታ አልፌ እወርዳለሁ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ጥቂት ከሄደ በኋላ አጎንብሳ፣ ሰው እንዳይሰማት፣ «እታለም፣ ድርሻዬን ለአንቺ እተውልሻለሁ። ነገ ሄጄ እፈርማለሁ» አለቻት።

«አልፈልግም። ያንቺ ነው። መጀመሪያም ሳይገባኝ ቀርቶ ነው እንጂ ያንቺ ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን አላወቀችም። ማድረግ የሚቻል ነገር ቢኖር ደስ ባላት። አንገቷን ከመስኮቱ መልሳ እህቷን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። ግንባሯ የአባባ ነው። ከአፍንጫዋ በታች ያለው የእማማ ነው። ልትጠላት ፈለገች፤ ጥላቻ ቢመጣ ይቀላት ነበር። አልመጣም። የመጣው እንዲያው ድካም ነው፣ ሩቅ አገር ደርሶ እንደ መመለስ ያለ ድካም።

አውቶቡሱ ቀስ አለ። ሚጡ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደችና ተመለሰች። «ነገ ረቡዕ ነው» አለች። «ልምጣ?»

«ቤቱ የሦስታችን ነው፤ ስትፈልጊ ትመጫለሽ፣ ማን ይከለክልሻል» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ለጸሎት ግን አትምጪ።»

በሩ ተከፈተ። ሚጡ ወረደች።